ባለ ፈቃዱ በመሣሪያ ዐውደ ርእይ በር ላይ

ጦር መሣሪያ ወደሚታይበትና ወደሚሸጥበት አዳራሽ የራስን መሣሪያ ታጥቆ መግባት በብዙ ዐውደ ርእዮች የተከለከለ ነው። ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማ ሰው ግራ መጋባቱ አይቀርም፤ እህል ይዘህ ወደ ወፍጮ ቤት አትግባ እንደ ማለት ይመስላልና። በአዳራሹ ውስጥ በየጠረጴዛው ላይ ጠመንጃና ሽጉጥ ተደርድሯል፤ ጎብኚው እያነሣ ያያል፣ ይመዝናል፣ ቃታ ይፈትናል። በፖሊስ ተመርምሮና ታሪኩ ተጣርቶ ፈቃድ የተሰጠው ሰው ግን በወገቡ የያዛትን አንዲት ሽጉጥ ከበሩ ውጭ እንዲተው ይታዘዛል። ባለ ፈቃዱ ይህን ክልከላ መቀበል አለበትን? ወይስ ፈቃዱ ከተከበረ በበሩም ላይ ሊከበርለት ይገባል?

ጥያቄው ለሪያድ ነዋሪ ሩቅ አይደለም። ከከተማዋ በስተ ሰሜን በምትገኘው መልሀም እ.ኤ.አ. በ2017 የተቋቋመው የሳዑዲ የጭልፊቶች ክበብ ዓለም አቀፍ የጭልፊትና የአደን ዐውደ ርእይ ያዘጋጃል። በዚያም ከጭልፊቶቹና ከድንኳኖቹ ጎን የአደን መሣሪያ የሚሸጥበት ክፍል አለ። በመልሀም አካባቢ እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ በየሁለት ዓመቱ የሚካሄደው የዓለም የመከላከያ ዐውደ ርእይም የሚያስተናግደው የመንግሥታትን ገበያ ነው። እንዲህ ባሉ ዝግጅቶች ገዥና ሻጭ ብቻ አይደሉም የሚገኙት፤ ድንኳን የሚተክል፣ ዕቃ የሚያወርድ፣ መኪና የሚያቆም፣ አዳራሽ የሚያጸዳ፣ ቡና የሚያቀርብ ሰውም አለ። ከጉበይራ በሌሊት ተነሥቶ ወደ እንዲህ ያለ ሥራ የሚሄድ ሰው ፈቃድም መሣሪያም ላይኖረው ይችላል። በር ላይ የሚወሰነው ነገር ግን እርሱንም ይነካዋል፤ ጥይት ሲባርቅ ባለ ፈቃድና ፈቃድ የለሽ አይለይምና።

ወደ ክርክሩ ከመግባታችን በፊት ስለ ቃላቱ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል፤ በትርጉም ሥራ ላይ ብዙ ስሕተት ሲፈጠር የሚታየው እዚህ ላይ ነው። በሳዑዲ ዐረቢያ የመሣሪያ ጉዳይ የሚተዳደረው በ1426 ዓመተ ሒጅራ (እ.ኤ.አ. 2005) በንጉሣዊ ድንጋጌ ቁጥር መ/45 በጸደቀው የመሣሪያዎችና የጥይቶች ሕግ ነው። ሕጉ ሩኽሳ (ፈቃድ) ሲል አንድ ዓይነት ፈቃድ ማለቱ አይደለም። ኢቅቲናእ የሚለው ቃል ገዝቶ ማኖርን፣ የራስ አድርጎ ማስቀመጥን ያመለክታል። ሐምል የሚለው ደግሞ ከቦታ ወደ ቦታ ይዞ መንቀሳቀስን ያመለክታል። በእኛ ቋንቋ ሁለቱም በአንድ «መያዝ» ይጠቃለላሉ። «መሣሪያ የመያዝ ፈቃድ አለው» ሲባል በቤቱ ሣጥን ቆልፎ የሚያኖረውም፣ ታጥቆ ገበያ የሚወጣውም በአንድ ቃል ይጠራሉ። ስለዚህ ዐረብኛውን ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው አንዱን «ማኖር»፣ ሌላውን «መታጠቅ» ቢለው ለአንባቢው ትልቅ ውለታ ይውላል።

ከዚህ ልዩነት ሌላ ሦስተኛ ነገር ይከተላል። የማኖር ፈቃድ የመታጠቅ ፈቃድ እንዳልሆነ ሁሉ፣ የመታጠቅ ፈቃድም በሁሉም ቦታ የመታጠቅ ፈቃድ አይደለም። ፈቃዱ ሰውየውን ይመለከታል፤ ቦታው ደግሞ የራሱ ሕግና የራሱ ባለቤት አለው። የመኪና መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው መኪናውን ወደ ሰው ግቢ ሊነዳ እንደማይችል ነው።

የባለ ፈቃዶቹን ክርክር ግን አቃልሎ ማለፍ አይገባም፤ ክብደት ያለው ክርክር ነው። በተለይ በአሜሪካ፣ የመሣሪያ ዐውደ ርእይ እንደ ቅዳሜ ገበያ በየከተማው በሚካሄድበት አገር፣ ለረጅም ጊዜ ሲነሣ የኖረ ነው። በሩ ላይ የተለጠፈውን ክልከላ የሚታዘዘው ሕግ አክባሪው ነው ይላሉ፤ ተንኮል ያሰበ ሰው ማስታወቂያ አንብቦ አይመለስም። ከዚያም፣ ፈቃድ የሰጠው መንግሥት ይህን ሰው ካመነው ጠረጴዛ ተከራይቶ የሚሸጠው ነጋዴ የማያምንበት ምክንያት የለም ይላሉ። ከሁሉ የሚጠነክረው ግን ሌላው ነጥባቸው ነው። በወገብ ላይ ተረጋግቶ የተቀመጠ ሽጉጥ ማንንም አይጎዳም። አደጋው የሚመጣው ሲወጣ፣ ጥይቱ ሲራገፍ፣ ለተቆጣጣሪ ሲታይ፣ በመኪና ወንበር ሥር ሲደበቅ፣ ማታ ደግሞ እንደገና ሲጎርስ ነው። መሣሪያ የተተወበት መኪና የሌባ ሲሳይ መሆኑንም ይጨምራሉ። ስለዚህ፣ ክልከላው ራሱ አደጋውን ይወልዳል ባዮች ናቸው።

ይህ ክርክር በባዶ ሜዳ የቆመ አለመሆኑን አንድ ቀን አሳይቷል። እ.ኤ.አ. ጥር 19 ቀን 2013 በአሜሪካ የመሣሪያ ወዳጆች «የመሣሪያ ምስጋና ቀን» ብለው የሰየሙት ዕለት ነበር። በዚያው ዕለት በሦስት ግዛቶች በተካሄዱ ሦስት ዐውደ ርእዮች መሣሪያ ባርቆ በድምሩ 5 ሰዎች ቆሰሉ። የሰሜን ካሮላይናው አደጋ በራሊ ከተማ በመግቢያው ፍተሻ ላይ ደረሰ፤ አንድ ሰው ሊሸጠው ያመጣውን የአደን ጠመንጃ ለፍተሻ ሲል ከማኅደሩ ሊያወጣ ዚፑን ሲከፍት ባረቀና ጥቃቅኖቹ እርሳሶች 3 ሰዎችን መቱ። በኢንዲያናፖሊስ ደግሞ አንድ ጎብኚ ከዐውደ ርእዩ ሲወጣ ሽጉጡን እንደገና ሲያጎርስ የገዛ እጁን መታ። ሦስተኛው አደጋ የደረሰው በኦሃዮ ግዛት በመዲና ከተማ፣ በዐውደ ርእዩ ውስጥ ነው። አንድ ነጋዴ የገዛውን ሽጉጥ ሲመረምር ሳያስብ ቃታውን ሳበ፤ ካርታው ተነቅሎ ነበር፣ አንድ ጥይት ግን በውስጡ ጎርሶ ቀርቶ ነበርና አጠገቡ የነበረውን ወዳጁን አቆሰለው።

ሦስቱን አደጋዎች ጎን ለጎን አስቀምጦ የሚያይ ሰው ሁለት ነገር ይረዳል። በራሊና በኢንዲያናፖሊስ የደረሰው የባለ ፈቃዶቹን ሥጋት ያጸናል፤ መሣሪያ የሚባርቀው ሰው ሲነካካው ነው፣ በርም መነካካትን ያበዛል። የመዲናው ግን ወደ ሌላ አቅጣጫ ይመራል። ዐውደ ርእይ ማለት መሣሪያ የሚነካካበት ቦታ ማለት ነው። ሰው የሚመጣው ሊያነሣ፣ አፈሙዙን ሊያይ፣ ቃታውን ሊስብ ነው። በሌላ በማንኛውም ቦታ ነውር የሆነው ነገር፣ መሣሪያን ሰው ወዳለበት አቅጣጫ አንሥቶ ቃታ መሳብ፣ በዚያ አዳራሽ ውስጥ በየደቂቃው የሚደረግ ነው። ይህ ሊደረግ የሚቻለውም ሁሉም ሰው አንድ ነገር ሲያምን ብቻ ነው፦ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያለው መሣሪያ ሁሉ ባዶ ነው።

ክልከላው ይህን እምነት ለመጠበቅ የቆመ ነው። አንድ የጎረሰ ሽጉጥ ከገባ «ሁሉም ባዶ ነው» የሚለው ቃል «ምናልባት ባዶ ነው» ወደሚል ይለወጣል። ባለ ፈቃዱ በዚያ አዳራሽ ሽጉጡን ከወገቡ አያወጣትም ብሎ መገመትም የዋህነት ነው፤ ለእርስዋ የሚሆን ማኅደር ሊለካ ይችላል፣ ከሻጩ ሽጉጥ ጋር ሊያመዛዝናት ይችላል፣ ሊለውጣትም ሊያስብ ይችላል። ገበያ ነውና።

በአሜሪካ የመሣሪያ ነጋዴዎች ራሳቸው ምን እንደሚያደርጉ ማየት ከብዙ ክርክር ይሻላል። እ.ኤ.አ. በ1979 የተጀመረውና በየዓመቱ በላስ ቬጋስ የሚካሄደው ሾት ሾው የተባለው የኢንዱስትሪው ታላቅ ዐውደ ርእይ ለንግዱ ሰዎች ብቻ ክፍት ነው። የሚገቡት ሠሪዎች፣ ሻጮችና የሙያው ሰዎች ናቸው። የግል መሣሪያ ይዞ መግባት ግን ለእነርሱም አይፈቀድም፤ ለዕይታ የሚቀርቡት መሣሪያዎች ደግሞ ጥይቱን የሚመታው መርፌ ወጥቶላቸው፣ መተኮስ እንዳይችሉ ሆነው ነው። መሣሪያ በመሥራት የሚኖሩ ሰዎች መሣሪያን ጠልተው እንዲህ ያለ ደንብ አወጡ የሚል ያለ አይመስለንም።

የአገሪቱ ትልቁ የመሣሪያ ባለቤቶች ማኅበር፣ ኤን.አር.ኤ.፣ በየዓመቱ በሚያደርገው ጉባኤ የገጠመውም ሁኔታ ብዙ ያስተምራል። እ.ኤ.አ. በ2018 በዳላስ፣ በ2022 ደግሞ በሂዩስተን በተደረጉት ጉባኤዎች የአገሪቱ ታላላቅ ባለ ሥልጣናትና የቀድሞ መሪ ንግግር ባደረጉበት አዳራሽ ውስጥ መሣሪያ መያዝ ተከልክሏል። ክልከላውን ያወጣው መሪዎችን የሚጠብቀው የምስጢር አገልግሎት ነው። ተቺዎች በጊዜው ሲያፌዙ ነበር፤ በየትምህርት ቤቱ መሣሪያ ይያዝ የሚሉ ሰዎች በራሳቸው ስብሰባ ከለከሉ እያሉ። ፌዙን ትተን ነገሩን ብናይ፣ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ መሣሪያ ወዳዶች ፍተሻውን አልፈው፣ ባዶ ወገባቸውን ገብተው፣ ንግግሩን ሰምተው ወጡ። ፈቃዳቸው አልተሰረዘም፤ መብታቸውም በበሩ ላይ አልጠፋም።

የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በጉዳዩ ላይ የሰጠው ቃል አለ። እ.ኤ.አ. በ2008 መሣሪያ መያዝ የግለሰብ መብት መሆኑን ሲወስን፣ እንደ ትምህርት ቤትና የመንግሥት ሕንጻ ባሉ ጥንቃቄ የሚሹ ቦታዎች መከልከል እንደሚቻል አብሮ ገልጿል። እ.ኤ.አ. በ2022 ከቤት ውጭ መታጠቅንም መብት ሲያደርግ ይህን ሐሳብ አልሻረውም። የግል ቦታ ባለቤት ደግሞ ከዚያም የሰፋ ሥልጣን አለው። በቴክሳስ ግዛት ባለቤቱ ሰውሮ የታጠቀውን ሰው ለመከልከል ቃሉና የፊደሉ መጠን በሕግ የተወሰነ ማስታወቂያ ይለጥፋል፤ በሕጉ አንቀጽ ቁጥር «30.06» እየተባለ ይጠራል። ማስታወቂያው በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ መጻፍ አለበት። መሣሪያ የመያዝ መብት በሕገ መንግሥት በሰፈረበት አገር እንኳ «በዚህ በር አይገባም» የሚለው ቃል ሕጋዊ ኃይል አለው ማለት ነው።

«የሠለጠነና የተመረመረ ሰው አይሳሳትም» የሚለው መከራከሪያም ቢሆን በቀላሉ የሚቆም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 በዋሽንግተን የአሜሪካ ምክር ቤት ሕንጻን የሚጠብቁ ፖሊሶች የአገልግሎት ሽጉጣቸውን መጸዳጃ ቤት ረስተው የወጡበት ነገር በጋዜጣ ወጥቶ ነበር። ከተረሱት አንዱን ያገኘው ከወላጆቹ ጋር ለጉብኝት የመጣ ትንሽ ልጅ ነው። በዚያው ሰሞን በፖሊሶቹ ዋና መሥሪያ ቤት በግልጽ ተቀምጦ የተተወ ሌላ መሣሪያ ያገኘው ደግሞ ሊያጸዳ የገባ የጽዳት ሠራተኛ ነው። እነዚህ ሰዎች መሣሪያ መያዝ የዕለት እንጀራቸው የሆነ ናቸው። ይህ የጽዳት ሠራተኛ በዚህ ጽሑፍ መጨረሻ ተመልሶ ይመጣል።

በአገራችን ነገሩ ሌላ መልክ አለው። በጎጃም፣ በጎንደር፣ በወሎ ገጠር ጠመንጃ ከአባት የሚወረስ ንብረትም ክብርም ነው። ምንሽርና አልቢን የአያት ስም ያህል ሲጠሩ ኖረዋል፤ ዛሬ ቦታቸውን በአብዛኛው ክላሽ ወስዶታል። በሰርግና በልቅሶ መተኮስ የቆየ ልማድ ነው፤ ደስታው ሰማይ ድረስ እንዲሰማ፣ ሐዘኑም እንዲከብር። የባራቂ ጥይት ወሬ ደግሞ ከዚያው ልማድ ጋር አብሮ የኖረ ነው። አስተዋይ ባለ ሰርግ ጠላውና አረቄው ከመዞሩ በፊት የእንግዶቹን ጠመንጃ ተቀብሎ በአንድ ቦታ ያኖራል። ጠመንጃውን የሚያስረክበው እንግዳ ተዋረድሁ አይልም፤ ቤቱ የባለቤቱ ነውና። እንደሚመስለን የዐውደ ርእዩ በር ጥያቄ ለአማርኛ ተናጋሪ የሚገባው በዚህ ምሳሌ ነው፤ የሚለየው በዚያ ባለ ሰርጉ በጨዋ ቃል የሚጠይቀውን፣ በዚህ ማስታወቂያ መጠየቁ ብቻ ነው።

ኢትዮጵያ በ2012 ዓ.ም. የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012ን አውጥታ ፈቃድን አስገዳጅ አድርጋለች። በጥምቀትና በመስቀል ሰሞን ፖሊስ በየዓመቱ «መሣሪያና ስለት ይዞ መምጣት ክልክል ነው» እያለ ሲያስታውቅ ፈቃድ ላለው ሰው የተለየ በር አይከፍትም። ሕዝብ በበዛበት ቦታ ፈታሹ የእያንዳንዱን ሰው ፈቃድ እየመረመረ ማሳለፍ ቢጀምር ሰልፉ እስከ ማታ አያልቅም፤ ከዚህ የሚከፋው ግን አንድ ጊዜ ተኩስ ከተሰማ መሣሪያ የመዘዘው ሁሉ ለጸጥታ አስከባሪው አንድ ዓይነት ሆኖ መታየቱ ነው። ሊከላከል የመዘዘውና ሊገድል የመዘዘው ከሩቅ አይለዩም። ይህ ለባለ ፈቃዱ ለራሱ የሚበጅ አይደለም።

እንግዲህ ፍርዳችን ባለ ፈቃዱ ክልከላውን ሊቀበል ይገባዋል የሚል ነው። ሲቀበል ግን ሊጠይቀው የሚገባው ነገር አለ፤ የራሊው አደጋ ይህን ጥያቄ ተገቢ ያደርገዋል። ክልከላው በበሩ ላይ ሳይሆን አስቀድሞ፣ ከመግቢያ ትኬቱ ጋር ሊነገር ይገባል፤ ሰው መሣሪያውን ከቤቱ ሳይዝ እንዲወጣ። ቤት የቀረ መሣሪያ አይራገፍም፣ አይጎርስም፣ ከመኪናም አይሰረቅም። ሊሸጥ ወይም ሊጠገን መሣሪያ የሚያመጣ ሰው ካለ ደግሞ የሚራገፍበት የተለየ ቦታ ሊኖር ይገባል፦ አፈሙዙ ወደ አሸዋ በርሜል የሚዞርበት፣ የሠለጠነ ሰው የሚቆምበት፣ ሕዝብ የማይሰለፍበት። ከዚያም በቁልፍ የሚቀመጥበት ቦታና ደረሰኝ። ይህን ሳያዘጋጅ «ክልክል ነው» ብሎ ብቻ የሚለጥፍ አዘጋጅ አደጋውን ከአዳራሹ አውጥቶ ወደ መኪና ማቆሚያው ገፋው እንጂ አላስወገደውም። በመኪና ማቆሚያውም የሚሠሩ ሰዎች አሉ።

የእኛ አንባቢ ከዚህ ሁሉ የሚያገኘው ምንድን ነው? አብዛኛው መሣሪያም ፈቃድም የለውም። ሾፌር፣ ዘበኛ፣ የእርሻና የመዝናኛ ግቢ ጠባቂ ሆኖ የሚሠራ ሰው ግን የአሠሪውን መሣሪያ በመኪና ሣጥን ወይም በቤት ጥግ ያየዋል። ዐውደ ርእይ በር ላይ የደረሰ አሠሪም «ይህን ወደ መኪናው መልስልኝ» ሊል ይችላል። ፈቃድ የሚሰጠው ለአንድ ሰው በስሙ ነው፤ የአሠሪው ፈቃድ ሾፌሩን አይሸፍነውም። መሣሪያውን ይዞ በመኪና ማቆሚያው መካከል ሲሄድ የተገኘ ሠራተኛ «የእርሱ ነው» ማለቱ ከጥያቄ አያድነውም። በጨዋ ቃል «ሩኽሳው በስምዎ ነው፣ እርስዎ ቢያኖሩት ይሻላል» ማለት ነውር የለበትም። በዐረብኛ ለመናገር ለሚቸግረው «አር-ሩኽሳ ቢ-ኢስመክ» (ፈቃዱ በስምህ ነው) የሚለው አጭር ቃል ይበቃዋል። በደስታ ጊዜ ወደ ሰማይ መተኮስም በዚህ አገር ክልክል መሆኑን ከገጠር ለመጣ ወንድማችን መንገር ያስፈልጋል፤ በአገር ቤት ሰርግ የለመደውን እዚህም ልማድ አድርጎ እንዳያየው።

በማስታወቂያ ላይ «መምኑዕ ዱኹል አል-አስሊሓ» የሚል ካዩ ትርጉሙ «መሣሪያ ማስገባት ክልክል ነው» ማለት ነው። ሲላሕ መሣሪያ፣ ዘኺራ ጥይት፣ ታፍቲሽ ፍተሻ ነው።

ያን የጽዳት ሠራተኛ እንመልሰው። መጸዳጃ ቤት ወይም ወንበር ሥር ሽጉጥ ያገኘ ሠራተኛ፣ ባዶ ቢመስለውም፣ አያንሣው፣ ካርታውን ሊነቅል አይሞክር፣ ወደ ዕቃ ክፍል ወስዶ «ባለቤቱ እስኪመጣ» ብሎም አያስቀምጥ። የመዲናው ነጋዴም ባዶ ነው ብሎ ነበር። በሩን ይዝጋ፣ ሌላ ሰው እንዳይገባ አጠገቡ ይቁም፣ ለአዳራሹ ጥበቃ ይንገር፤ ጥበቃ ከሌለ በሪያድ የአደጋ ጊዜ ቁጥሩ 911 ነው።